ድምር ብቻ



እኛ ባልና ሚስት በአንድ የግል ባንክ ጥቂት አክሲዮን አለን።  በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ትንሹን ግዢ 33 አክሲዮን አድርጎ ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ እዚህ ሀዋሳ ከአምልኮ በኋላ በግቢያችን ወሬው ሁሉ እርሱ ነበር።

ባለፈው የባንካችን ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ሄድን። አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ለዋና ሥራ አስፈጻሚውና ለምክትሎቻቸው በዓመት ስንት እንከፍላለን?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሰብሳቢው «ሪፖርቱ ላይ አለ» ብለው አለፉ።

እውነት ነው፣ አለ። ከሒሳብ ማብራሪያዎቹ መካከል ለዋና ዋና አመራሮች የተከፈለው ተጽፏል፤ ግን በድምር ነው። የቦርድ አባላትን አበል ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ገድቦት ያውቃል። የሥራ አስፈጻሚውን ደመወዝ ግን ቦርዱ ይወስናል፤ ቦርዱን የምንመርጠው ደግሞ እኛው ነን። ጎበዝ መሪ ጥሩ ቢከፈለው አንቃወምም፣ የብዙ ሰው ጥሪት በእጁ ነው። ግን ስንት? የትርፍ ድርሻው ሲነገር አጨበጨብን፤ አዛውንቱን የደገፈ አልነበረም፣ እኛም ጭምር።

ስንመለስ ሻሸመኔ ላይ ባለቤቴ፣ «ፓስተር፣ የእኛንስ ደመወዝ ማን ያውቀዋል?» አለች።

ዝም አልን። ዓምና ሽማግሌዎች ደመወዛችንን ሲጨምሩ ለአባላት የቀረበው «የአገልጋዮች ደመወዝ» የሚል አንድ ድምር ነበር። የግቢያችን ጥበቃ በዚያ ዓመት ምንም አልተጨመረላቸውም። እኛም አልጠየቅንም።

ነህምያ በይሁዳ ገዥ ሆኖ 12 ዓመት የገዥነት ቀለቡን እንዳልወሰደ ብዙ ጊዜ ሰብከናል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ከእህልና ከወይን ሌላ 40 የብር ሰቅል ከሕዝቡ ይወስዱ ነበር። ስንሰብክ የምናጎላው አለመውሰዱን ነበር። አሁን ያስደነቀን ግን ቁጥሩን መጻፉ ነው፦ በማዕዱ 150 ሰው፣ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት በጎች። ገዥ ሆኖ የወጥ ቤቱን ሒሳብ ሳይቀር ለሕዝብ አሳየ!

በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ የእኛና የጥበቃው ደመወዝ በአንድ ገጽ፣ በየስማችን እንዲቀርብ ለሽማግሌዎች ጽፈናል። አንዱ ደውለው፣ «ፓስተር፣ ይሄ ምን ያደርጋል? ሰው ይሰናከላል» አሉን። ደብዳቤውን አልመለስነውም። የአዛውንቱንም ስልክ ፈልገን አግኝተናል፤ በሚመጣው ጉባኤ አጠገባቸው እንቀመጣለን።