ስለ ባትሪና ስለ ዳገት

በአገራችን ባትሪ የሚለው ስም ከመለመዱ የተነሣ ምንነቱን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ያለው ሕዝባችን በእጅ መብራቱና በራዲዮው ውስጥ የሚያገባውን ደረቅ ባትሪ «የባትሪ ድንጋይ» ይለዋል። ድንጋይ ከተባለም ዘንድ እንደ ድንጋይ ተያዘ፤ ኃይሉ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ጨርሶ ሲሞትም ወደ ጓሮ ይወረወራል። ዛሬ ግን ሰው ራሱ ተቀምጦበት የሚሄድ ባትሪ መጥቷል። በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ ወሬው በየከተማው ይሰማል። ብስክሌቱም ሆነ ስኩተሩ፣ መራመድ የተሳነው ሰው የሚሄድበት ባለሞተር ወንበርም ቢሆን፣ ነፍሱ ባትሪው ነው። ስለዚህ የባትሪን ጠባይ ማወቅ የመሐንዲስ ብቻ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የባለቤቱና የቤተ ሰቡ ግዴታ ሆኗል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ለመረዳት የውሃ ወፍጮን ማሰብ ይበቃል። ውሃው የሚወርድበትን ከፍታ ቮልት እንበለው፤ በቦዩ ውስጥ የሚያልፈው የውሃ ብዛት አምፔር ይሁን። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ዋት የወፍጮው ጉልበት ነው። ከወፍጮው በላይ በኩሬ የተጠራቀመው ውሃ ምን ያህል እንደሚያስፈጭ የሚነግረን ልክ ደግሞ ዋት ሰዓት ይባላል። እንግዲህ በአንድ ባትሪ ላይ 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ተጽፎ ቢገኝ፣ ሁለቱ ተባዝተው 360 ዋት ሰዓት ይሆናሉ። ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ቁጥር ነው።

ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ኪሎ ሜትር ነው። «አንድ ጊዜ ከተሞላ ይህን ያህል ይሄዳል» ሲል በሜዳና በለሰለሰ መንገድ ማለቱ ነው። የእኛ አገር ሰው መንገድን የሚለካው ከርዝመቱ ይልቅ በዳገቱ ነው። ሰውና ብስክሌቱ ባንድነት አንድ ኩንታል ቢመዝኑ፣ 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 272 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ በተፈጥሮ ሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ ማንኛውም ፋብሪካ ሊቀንሰው አይችልም። በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት 350 ያህል ይደርሳል። ከጀማ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ መርሐቤቴ አምባ የሚወጣው መንገድ ይህን የመሰለ ዳገት ነው። ስለዚህ ባለ 360ው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ቢነሣ እንኳ ያንን አንድ ዳገት ወጥቶ ያልቃል። ብስክሌተኛው ፔዳሉን በእግሩ እየረገጠ ሊያግዘው ይችላል፤ በወንበር ላይ ያለው ሰው ግን የሚያግዝበት እግር የለውም።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረጉኝ በመሐል ሜዳ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው። ከብዙ ዓመት ሕመም በኋላ ልጃቸው ከውጭ አገር ባለሞተር ወንበር ላከላቸው። አንድ በጋ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ለመሳምና ገበያ ለመውጣት የሰው ትከሻ ሳይፈልጉ ኖሩ። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ወንበሩ በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ። በመስከረም ሲከፈት ባትሪው አልሞላ አለ። አክስቴም «ልጄ፣ በቅሎ እንኳ ስትደክም ታስታውቃለች፤ ይኸ ግን ዝም ብሎ ከዳኝ» አሉኝ።

ባትሪው አልከዳቸውም። የወንበሩ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከፈለሰፈው ከእርሳስና ከአሲድ የተሠራ ዓይነት ነበር። ይህ ዓይነት ባዶውን ሲቀመጥ በእርሳሱ ገጽ ላይ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታልና ከዚያ በኋላ ኃይል መቀበል ያቅተዋል። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፤ ከተነዱበት በኋላ ሳይውል ሳያድር መሙላት፣ ሲቀመጥም ሞልቶ እንዲቀመጥ በየጊዜው መልሶ መሙላት። ይህንን የሚገልጸው ወረቀት ከወንበሩ ጋራ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ነበረ በሣጥን ውስጥ ቀረ። ሁለት አዳዲስ ባትሪዎች ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ አክስቴ እንደ ቀድሞው በሰው ትከሻ ተመለሱ።

ለገበያ ከቀረበበት ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለምን ያዳረሰው የሊቲየም ባትሪ ጠባዩ ሌላ ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥም ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቢሆን ይወዳል። የሚፈራው ግን የመንዝን ውርጭ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች በወረደበት ሌሊት ቢሞላ፣ ሊቲየሙ ከተወሰነለት ሥፍራ ውጭ ተለብጦ ይቀርና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። ስለዚህ ወደ ቤት አስገብቶ ብርዱ እስኪለቀው መጠበቅ ይገባል፤ ዳሩ ግን ይሙቀው ተብሎ ከምድጃ ዳር አይቀመጥም። ለድንጋዩ የለመድነው ፀሐይ ላይ ማስጣትና መንከስ፣ መቀጥቀጥና መፍታትም፣ ለዚህ ክልክል ነው፤ አካሉ ከተጎዳ በቀላሉ የማይጠፋ እሳት ይነሣበታልና። የሌላ ባትሪ ቻርጀርም አይዋስም፤ ቤተ ሰብ በተኛበት ሰዓትና በመውጫው በር አጠገብም አይሞላም።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ የመንቀሳቀሻ መሣሪያ እንዲገኝ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ መሣሪያው መረጃ እንዲሰጥም ያዝዛል። እንግዲህ ባለሥልጣን የሆናችሁ አንባቢዎች፣ እንዲህ ያለ ወንበር በእጃችሁ ሲያልፍ በአማርኛ የተጻፈ አንዲት ገጽ አብራ እንድትሄድ ብታደርጉ ወጪው ከወረቀት ዋጋ አይበልጥም። መምህራንም የቮልትንና የአምፔርን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ከማለፍ ይልቅ፣ ተማሪዎቹ የመንደራቸውን ዳገት እንዲያሰሉበት ቢያደርጉ መልካም ነው። ተማሪውም ያንን ሒሳብ ወደ ቤቱ ይዞ ይግባ፤ ማታ ባትሪውን የሚሰካው እጅ የእርሱ ነውና።