አራቱ ትንንሽ ምስማሮች

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ የተነገረው ለሰው ነው፤ ነገር ግን በእጅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ብረትም ስም እንዳለው፣ ያም ስም በአደራ የሚጠበቅ መሆኑን ሳይውል ሳያድር ይማራል።

ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወገራ ደጋ፣ አምባ ጊዮርጊስ ትገኛለች። የአገሩ ሰው ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ያመጣል፤ ሞተሩ የቆመ ቀን እናቶች ወይ እህሉን መልሰው ይጭናሉ፣ ወይ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ያመሻሉ። እኔም በዚያ ወፍጮ ቤት አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር እንዳድስ ተጠርቼ ነበር። ሞተሩ ሊስተር ይባላል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1867 በእንግሊዝ አገር በደርስሊ ከተማ የተቋቋመ ነው። በጎኑ ላይ ከመዳፍ ያነሰች የናስ ታርጋ በአራት ምስማር ተይዛለች፤ በላይዋም የሞተሩ ቁጥር፣ 6 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 650 ዙር የሚል ተቀርጾባታል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህች ታርጋ ጌጥ አይደለችም። ፋሻና ብሮንዚና ሊገዛ የሚሄድ ሰው በእርሷ ቁጥር ይጠይቃል። በህንድ አገር በራጅኮት ከተማ ይህንኑ ሞተር አስመስለው የሠሩ ብዙ ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ፣ የማን ሥራ መሆኑን የምትመሰክረው እርሷ ናት። ስለዚህ ሞተር ሲታደስ በላይዋ ቀለም መቀባት፣ ወይም በመሮ ፈልቅቆ መጣል ነውር ነው።

ምስማሮቹም ተራ ምስማሮች አይደሉም። ገላቸው እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ አለው፤ ራሳቸው ግን ድቡልቡል ነውና ካቻቢቴ የሚይዝበት ስንጥቅ የለውም። በመዶሻ ሲመቱ እየዞሩ ይገባሉ። በጉልበት የሚፈለቅቃቸው ሰው ታርጋዋን ያጣምማል። እኔ ቀድሜ ዝገቱን በላምባ አርሼ አሳድረዋለሁ። ቀዳዳው በወዲያ በኩል ክፍት ከሆነ ከኋላ በቀጭን ብረት ቀስ አድርጌ እመታዋለሁ። ዝግ ከሆነ ግን በቀጭን ሞረድ ራሱ ላይ ስንጥቅ አወጣና በካቻቢቴ ወደ ግራ አዞረዋለሁ። ይህም እምቢ ካለ ራሱን ብቻ በትራፓኖ በስቼ አነሣለሁ፤ ታርጋዋ ከወጣች በኋላ የቀረውን ግንድ በፒንሳ ይዤ አወጣዋለሁ። ለአራት ምስማር ግማሽ ቀን ቢያልፍ አይቈጨኝም።

ታርጋዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ባስቀመጥሁበት ቀን አንድ ነጋዴ መጣ። ሊሸጠው ያሰበ፣ በደቂቃ 1000 ዙር የሚሮጥ፣ ስም የሌለው ሞተር ነበረው። «ወንድሜ፣ ምስማሩ አንዴ ወጥቷል፤ ታርጋዋን ለእኔ ሞተር ምታልኝና ዋጋህን እጥፍ ልክፈልህ» አለኝ። በዚያ ወር የቤት ኪራዬን ገና አልከፈልሁም ነበር። ሆኖም መሬት ላይ በእንጨት ሒሳቡን ጻፍሁለት። የወፍጮው ድንጋይ ፍጥነት የሚወሰነው በሞተሩ ዙርና ቺንጋው በሚያያይዛቸው በሁለቱ ፑሌጃዎች ስፋት ነው። ገዢው 650 የሚለውን አምኖ ፑሌጃውን ቢመርጥ፣ ድንጋዩ ከሚገባው አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይፈጥናል። ከልኩ ያለፈ ድንጋይ ሊፈነዳ ይችላል፤ በአጠገቡም ዱቄቷን የምትጠብቅ እናት ቆማለች።

«ይህን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔና አንተ እናውቃለን» አልሁት። እርሱም ዝም ብሎ ሄደ።

ቀለሙ ሲደርቅ ታርጋዋን ወደ ቦታዋ መለስሁ። አዲሱ ምስማር ከቀድሞው ጋር እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ቀዳዳው ከሰፋ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ይመረጣል። አራቱንም በግማሽ አስገብቶ ታርጋዋ መቃናቷን ማየት፣ ከዚያም በትንሽ መዶሻ ቀጥ አድርጎ መጨረስ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ታርጋ ማዛወር በሞተር ብቻ የሚደረግ አይምሰላችሁ። ያልተማረውን ትምህርት በምስክር ወረቀት የሚያስጽፍ፣ ሌላው የደከመበትን ሥራ በራሱ ስም የሚያወጣ፣ ሁሉም የሰው ታርጋ በጎኑ የመታ ነው። ስሙን ያነበበ ሁሉ ያምነዋል፤ ሥራውንም በዚያው ልክ ይሰጠዋል። ከአቅም በላይ የሆነ ቀን የሚጎዳው ግን አጠገቡ የቆመው ነው። እንግዲህ ስማችሁ የምትችሉትን ብቻ ይናገር፤ የሌላው ስም በእጃችሁ በገባ ጊዜም ሳታጣምሙ ወደ ባለቤቱ መልሱት።