ደብረ ብርሃን ወሬዋን እንዴት ትሰማለች?

አንባቢ ሆይ! ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥተው የደሴን መንገድ ቢይዙ፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈው 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። ከመኪና ሲወርዱ አስቀድሞ የሚቀበልዎ ሰው ሳይሆን ብርዱ ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ስሟ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጋር አብሮ መነሣቱም አይደንቅም።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጼ ዘርዓ ያዕቆብ እንደ ቆረቆሯት፣ ስሟንም በሰማይ ከታየ ብርሃን እንዳገኘች በትምህርት ቤት ተምረዋል። ስለዚህ ታሪኳን ለመጽሐፍ ትቼ፣ በመጽሐፍ የማይገኘውን አንድ ነገር፣ ይኸውም ከተማዪቱ ወሬዋን እንዴት እንደምትሰማ ላጫውትዎ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳስተምር ተመድቤ ስመጣ፣ በሁለተኛው ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጡሩምባ ነበር። ገና አልነጋም። በመስኮት ብመለከት አንድ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ በጠባቡ መንገድ ያዘግማል። ጥቂት ይነፋና ቆም ብሎ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። የእድሩ ለፋፊ ነው። ድምፁ ሳይርቅ የአከራዬ በር ተከፈተ፤ እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ከየደጁም ሰው ተከተለ። እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ነገር በዚያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

በጥቅምት ወር ስድስት ሆነን የከተማዪቱን ወሬ የሚያወጣ ድረ ገጽ ከፈትን። አንዲት ነርስ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺና እኔ ነበርን። ደመወዝ የለም፤ ቢሮም የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ሻይ ቤት እንሰበሰብና የሳምንቱን ሥራ እንከፋፈላለን። ለድረ ገጹ በየዓመቱ በውጭ አገር ገንዘብ የሚከፈለውን ኪራይ ዋሽንግተን የሚኖረው የነርሷ ወንድም ይከፍልልን ነበር።

ትልልቁን ወሬ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ያወሩታል። ነገር ግን የገብስ ዋጋ በገበያው ስንት እንደ ዋለ፣ ውሃ በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚለቀቅ፣ መታወቂያው የወደቀበት ሰው ማን እንደ ሆነ፣ የትኛው ድልድይ በጎርፍ እንደ ተሸረሸረ ማን ይጽፈዋል? እኛ ጻፍነው። ሕዝቡም ወደደው። ከሁሉ ይልቅ የወደዱት ግን ከአገር የራቁት ልጆች ነበሩ፤ በአረብ አገርና በአሜሪካ ሆነው የእናታቸውን ሰፈር ወሬ በየሌሊቱ ያነቡ ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎ። በየካቲት ወር አንድ ማታ ስልክ ተደወለልኝና አንድ ጡረተኛ አባት እንዳረፉ ተነገረኝ። ደዋዩን አውቀዋለሁ፤ ውሸታም አይደለም። ፈጥኜ መገኘትን እንደ ሙያ ስለ ቆጠርሁት፣ ስማቸውን ከነፎቶግራፋቸው በሩብ ሰዓት ውስጥ አወጣሁት። ያረፉት ግን በሌላ ቀበሌ የሚኖሩ ሞክሼያቸው ነበሩ። ጂዳ የምትሠራ ልጃቸው አነበበችው። ወደ ቤት ብትደውል አባት ስልካቸውን ዘግተው ተኝተዋል። ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች፤ ጓደኞቿም ለቅሶ ተቀመጡላት።

በማግሥቱ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ለይቅርታ ሄድሁ። አባት ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። የሰደቡኝ እንደ ሆነ ይሻለኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ። «ለመሆኑ ለፋፊው ሞቴን ለፍፎ ነበር?»

«አልለፈፈም፣ አባባ።»

«እሱ ያልሰማውን ሞት ታዲያ አንተ ከየት አገኘኸው?»

የምመልሰው አጣሁ። ቀጥለውም ለልጃቸው ደውለው ስልኩን ሰጡኝ። ይቅርታ ስጠይቃት ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «እውነተኛው ቀን ሲመጣስ ማንን አምኜ ላለቅስ ነው?» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በዚያው ሳምንት ለፋፊውን ፈልጌ አገኘሁት። ቀን ቀን በር አጠገብ ጫማ የሚሰፋ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት አይሳሳቱም?» ብዬ ጠየቅሁት። መርፌውን ሳያስቀምጥ እንዲህ አለኝ፤ «ከመንፋቴ በፊት በር አንኳኳለሁ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወጥቶ ስሙን ከነአባቱ ካልነገረኝ ጡሩምባውን ከከንፈሬ አላደርስም። በመንገድ የሚነግረኝ ሞልቷል። የመንገዱን ሰው ነገ ላላገኘው እችላለሁ፤ የቤቱን ባለቤት ግን ዘወትር አገኘዋለሁ።»

እሑድ ስንሰበሰብ ይህን ነገርኋቸውና ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ የጻፈው ሰው ራሱ አያወጣውም፤ ሌላው አንብቦ ነው የሚያወጣው። ሁለተኛ፣ ስሙ የሚነሣው ሰው ወይም ቤተሰቡ አስቀድሞ ይጠየቃል። ሦስተኛ፣ የተሳሳትነውን በዚያው ስሕተቱ በወጣበት ስፍራ አርመን ሰባት ቀን እናቆየዋለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብዳል። የእኛ አንባቢ ከዚያ ቁጥር በብዙ ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያች ሌሊት አንዲት አንባቢ በቂ ነበረች።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአገሩ ፀጥታ ደፍርሶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ድረ ገጻችን ከኛው ከተማ ሰው ጠፋ። ወሬ ሲታፈን ደግሞ ሐሜት ይበዛልና፣ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል ተባለ፤ መድኃኒት የሚወስዱ በሽተኞችም ከቤት ቀሩ። ያን ጊዜ ነርሷ አንድ ወረቀት ወስዳ፣ «ክፍት ነው። ዛሬ ጧት እኔ ራሴ ሠርቼበታለሁ» ብላ ጻፈችና ስሟን ፈርማ በአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። በማግሥቱ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያው መጡ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ጋዜጣችን ሆነ። በጎላ ፊደል በእጃችን እየጻፍን በየሁለት ቀኑ እንለጥፍ ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጅ ይታደል እንደ ነበር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሳቁ፤ ይሁን እንጂ ከእነርሱ አራቱ ጽሕፈታቸው ያምር ነበርና ጸሐፊዎቻችን ሆኑ። አንድ ቀን የገብሱን ዋጋ ተሳስተን ብንጽፍ፣ አንድ ገበሬ እርሳስ ተበድሮ ቁጥራችንን ሰርዞ ትክክለኛውን ጻፈበት። እኛም እንዳለ ተውነው።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ድረ ገጹም ተመልሷል፤ ግድግዳውን ግን አልተውነውም። ስልክ የሌላቸው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ያስነብባሉ።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም ነገ ተመርቀው ወይም ተዛውረው ወደማያውቁት ከተማ ይሄዱ ይሆናል። ብዙ ገንዘብና ብዙ መሣሪያ ሳይኖርዎ ለሰፈርዎ ወሬ መጻፍ ይችላሉ። ነገር ግን ከመጻፍዎ በፊት የዚያን አገር ለፋፊ ፈልገው ያነጋግሩ። ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ እንደ ሆነም ጫማዎን ለማሰፋት ብለው ወደ እኛው ሰው ጎራ ይበሉ። ጡሩምባው ከኋላው በሚስማር ተሰቅሎ ያዩታል።