ከሰንጋ ፈረሴ የተማርሁት

ፈረስ በአገራችን የክብር እንስሳ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸውን የማያውቅ የለም። በአዊም ምድር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በፈረስ ያከብራል። በእንዲህ ያለ አገር ተወልዶ ላደገ ሰው፥ አውራ ፈረሱን ማኰላሸት የገዛ ክብሩን ማጕደል ሆኖ ይታየዋል። እኔም እንዲሁ ይታየኝ ስለ ነበር ልጄን ለአደጋ አጋለጥሁት።

ወደ ትምህርት ቤት የምመላለስበት ዳማ ፈረስ ነበረኝ፤ ዕድሜው አምስት ዓመት ነበር። ባዝራ ከሩቅ በሸተተችው ጊዜ ያሽካካል፥ በኋላ እግሮቹ ይቆማል፥ ከሌላ አውራ ጋራ ሲገናኝም ይናከሳል። እኔም እልኸኛ ነበርሁና በአለንጋ እገርፈው ነበር። በመስቀል ማግስት የአሥር ዓመት ልጄ ውኃ ሊያጠጣው ወደ ወንዝ ወሰደው። ከማዶ ባዝራ ስትሻገር ባየ ጊዜ ፈረሱ በረረ፤ ልጁም ገመዱን በእጁ ጠምጥሞ ይዞ ነበርና ተጐተተ፤ ክንዱም ተሰበረ። በዚያች ማታ ባለቤቴ «ወይ ፈረስህን፥ ወይ ልጅህን ምረጥ» አለችኝ።

ነገር ግን ልቤን አንድ ጥያቄ ያስጨንቀው ነበር። እግዚአብሔር አሟልቶ የፈጠረውን ማጕደል ኀጢአት አይሆንምን? ስለዚህ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ አባትህ ያርሱበት የነበረው በሬ ሰንጋ አልነበረምን? ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 22 የምትናገረው ለመሥዋዕት ስለሚቀርበው እንስሳ ነው። አንተ የሚጠበቅብህ ያለ ርኅራኄ እንዳታሠቃየው ነው» አሉኝ።

ስለ ሥቃይ የተናገሩት ቃል ከልቤ ገባ። በየገጠሩ እንስሳን ያለ ማደንዘዣ አስሮ መቀጥቀጥ የቈየ ልማድ ነውና። እኔ ግን ዝንብ እስኪቀንስና ብርድ እስኪገባ ጠብቄ፥ በኅዳር ወር የእንስሳት ሐኪም አስጠራሁ። ሐኪሙ አስቀድሞ አደነዘዘው፤ ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ቶሎ የሚጠቃ ስለ ሆነም መከላከያውን ወጋው። ከዚያም በኋላ ቍስሉ እንዳያብጥ በየቀኑ እንዳንሸራሽረው፥ የዘሩ ኀይል ለጥቂት ሳምንታት ሊቈይ ስለሚችልም ከባዝራ ለይቼ እንዳኖረው አዘዘኝ። ደግሞም ፈረስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቢኰላሽ እንደሚሻል፥ ዕድሜው በገፋ መጠን መድማቱ እንደሚበዛ ነገረኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ለውጡ ታየ። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞን የሚመነጨው በብዛት ከቈለጡ ነውና፥ ምንጩ ሲቋረጥ ፈረሱ ባዝራ ባየ ቍጥር መበርገጉን ተወ። በጥምቀት ዕለት ከሌሎች ፈረሶች መካከል ጸጥ ብሎ ቆመ። በአጥር ሥር እየተመላለሰ ያባክነው የነበረው ጕልበት ሥጋ ሆኖት ስለ ወፈረ ድርቆሹን ቀነስሁለት። ዳገቱን ግን እንደ ቀድሞው ይወጣዋል።

ጐረቤቶቼ «ሰንጋ ፈረስ ወኔ የለውም» ብለው ሲዘብቱብኝ የምመልሰው አላጣሁም። በአሜሪካ ኬልሶ የተባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ሰንጋ ነበር፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1964 ድረስ አምስት ጊዜ በተከታታይ የዓመቱ ፈረስ ተብሏል። ቫሌግሮ የተባለውም ሰንጋ በ2012 በለንደን፥ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለጋላቢው ወርቅ አስገኝቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልተለወጠም። ልጓም ይዤ ስቀርብ ፈረሱ ጆሮውን አጥፎ ሊነክሰኝ ይቃጣ ነበር። ሐኪሙን «ቢላዋው ምን ጠቀመ?» ብዬ ብወቅሰው፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1985 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከሰንጋ ፈረሶች ከመቶ 20 እስከ 30 የሚሆኑት የአውራ ጠባይ እንደሚቀርባቸው ማሳየቱን ነገረኝ። ቀጥሎም «ይህኛው ግን የአውራነት ጠባይ አይመስለኝም። ልጓምና አለንጋ አብረው ይመጡበት ነበርን?» ብሎ ጠየቀኝ።

አፈርሁ። የባዝራውን ነገር ተፈጥሮ ሰጥታው ነበር፤ እርሱንም ቢላዋ ወሰደው። መንከስን ያስተማርሁት ግን እኔ ነበርሁ፤ ይህንንም የትኛውም ቢላዋ አያወጣውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለንጋውን ሰቀልሁት። በየጧቱ በአንድ እጄ ጭብጥ ገብስ፥ በሌላው ልጓም ይዤ እቀርባለሁ፤ ቢቈጣ ሳልመታው ቆሜ እጠብቃለሁ። ዐቢይ ጾም በዚህ አለፈ። በፋሲካ ሰሞን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ልጓሙን ተቀበለኝ። ክንዱ የዳነለት ልጄም ዛሬ ብቻውን ይቀመጥበታል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ አስቸጋሪ አውራ ፈረስ ያላችሁ፥ ዘር የማታስወልዱበት ከሆነ፥ ለክብር ብላችሁ ልጆቻችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ፤ በሐኪም እጅ አኰላሹት። ነገር ግን በአለንጋ ያበላሻችሁትን ቢላዋ ያቀናልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔም ወደ ክፍሌ ስገባ በጠረጴዛዬ ላይ አኖረው የነበረውን አርጩሜ ተውሁ፤ በተማሪዎቼም ዘንድ ስንቱን ንክሻ በገዛ እጄ እንዳስተማርሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።