ከመጀመሪያው ዲግሪ ወዲያ

ሥነ ልቡና ተምሬአለሁ ያለ ሰው ሁለት ጥያቄ አያመልጠውም። አንደኛው «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» የሚለው ነው፤ በሣቅ እናልፈዋለን። ሁለተኛውን ሰዎች የሚጠይቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። «ልጄ ከክፍሉ አልወጣም ካለ ወር ሞላው፤ ምን ላድርግ?»

ለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ አይበቃም። እኔ በዲግሪዬ የተቀጠርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው፤ የዓመት ፈቃድ እቆጥራለሁ፣ የቅጥር ፈተና አርማለሁ። አብረውኝ ከተመረቁት አንዳንዶቹ በእርዳታ ድርጅት መጠይቅ ያስሞላሉ። የተከበረ ሥራ ነው። ግን ለጠየቁኝ እናት የምመልሰው «አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱት» ብቻ ሆነ፤ እሳቸውም ስሙን ሲሰሙ ደነገጡ። (መቼም አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል» ሲባል ሰው ምን እንደሚመስለው አንባቢ ያውቃል።) ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

የቱን ዘርፍ? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ አንድ የሚመስለው ሙያ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ የትምህርት፣ የማኅበራዊ፣ የምዘና፣ የምክር፣ የክሊኒክ እየተባለ ይበታተናል። ሰው ከእኛ ጋር የሚያምታታው ሳይካትሪስት ደግሞ በሌላ በር የገባ ነው፤ መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ፣ መድኃኒት ያዛል። ምዘና ያጠና ሰው ጥናት በሚያሠሩ ድርጅቶች ይፈለጋል፤ ገንዘቡም እዚያ ይሻላል። ክሊኒክ የመረጠው በአስተማሪ ዓይን ሥር ከታማሚ ጋር ተቀምጦ ብዙ ሰዓት መለማመድ አለበት።

አሜሪካዊው ላይትነር ዊትመር እ.ኤ.አ. በ1896 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ ሲጀምር፣ አንዲት መምህርት ቃላት አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው ልጅ አመጣችለት። ዊትመር መረመረና የልጁ ዓይን ደካማ ሆኖ አገኘው። መነጽር ተደረገለት፤ አስጠኚም ተመደበለት። ታሪኩን የምወደው መለካትና ማድመጥ እዚያ ስላልተጣሉ ነው። በ1949ም ቦልደር ከተማ የተሰበሰቡ የአገሩ ባለሙያዎች፣ የክሊኒክ ሰው ተመራማሪም አካሚም ሆኖ ይሠልጥን ብለው ተስማምተዋል።

እናቴ ቦልደርን አታውቅም። «ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ?» አለችኝ። የእህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእኔ ኪስ ስለሚወጣ ጥያቄዋ ተራ አይደለም። ሁለት ሌሊት ሳሰላ አድሬ ማመልከቻዬን ለክሊኒኩ አስገባሁ። ለክፍያው ቅዳሜና እሑድ የማስጠናቸው ሁለት ልጆች አግኝቻለሁ፤ ሦስተኛ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይጠቁመኝ።