እናታችን ለተክቢራ እጇን ስታነሳ



ይህን የምንጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ፣ ከዘመድ ቤት ሆነን ነው። እናታችን ከጎናችን ቁርኣኗን ይዛ ተቀምጣለች። የፊታችን ማክሰኞ፣ አላህ ካለ፣ ቀዶ ጥገና ይደረግላትና የልቧ ፔስሜከር ሽቦ ይቀየራል። ታሪኩን የምናካፍላችሁ ዱዓችሁን ፈልገን ነው። ሌላም ምክንያት አለን፤ እኛ ያጠፋነውን ጥፋት ሌላ ልጅ በእናቱ ላይ እንዳይደግመው።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሰባት ዓመት ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። እናታችን ከገበያ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ወደቀች። መጀመሪያ ደም ማነስ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ዓይን ነው ተባለና ሩቃ ተቀራላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ልቧ በደቂቃ 30 ጊዜ ገደማ ብቻ ነበር የሚመታው። የጤነኛ ሰው ልብ በእረፍት ላይ እያለ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ከልቧ የላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው የኤሌክትሪክ መልእክት መንገዱ ተቋርጦ ኖሯል።

አዲስ አበባ መጥታ ፔስሜከር ተገጠመላት። የክብሪት ሣጥን የምታህል መሣሪያ ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ከቆዳዋ ሥር ገባች፤ ከመሣሪያዋ የሚነሳው ቀጭን ሽቦ ደግሞ በደም ሥር ውስጥ አልፎ ልቧ ድረስ ወረደ። ልብ ሲዘገይ መሣሪያው በሽቦው በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ልብም ይመታል። ሱብሓነላህ! እናታችን ወደ ደብረ ታቦር ተመልሳ የጉና ብርድ ሳይበግራት ገብስ መውቀጥ ጀመረች። ለሱብሂም እንደ ድሮው ከሁላችን ቀድማ ትነሳ ነበር።

ሐኪሞቹ ቢያንስ በዓመት አንዴ እየመጣች እንድትታይ ነግረውናል። ሁለት ዓመት አመጣናት። ከዚያ ተውነው። ከደብረ ታቦር በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ረጅም መንገድ አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ገንዘብ ያጥራል፣ ሥራ ይበዛል። «ደህና ናት እኮ» አልን። እሷም «እኔ ምንም አልሆንኩ፣ አላህ ያውቃል» ትለናለች። እኛም ይህንን ተወኩል ብለን ጠራነው።

በዚህ ዓመት ከእኛ አንዷ ለእረፍት ቤት ገብታ አብራት ስትሰግድ አንድ ነገር አየች። እናታችን ለተክቢራ ቀኝ እጇን ታነሳለች፣ ግራዋን ግን አታነሳም።

«እማ፣ ግራ እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ሳነሳው ዓይኔ ይጨልምብኛል ልጄ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዷን ወዲህ።»

ወራት አልፈዋል። ለማንም ትንፍሽ ያላለችው እኛን ላለማስጨነቅ ነው።

አዲስ አበባ ስንደርስ ዶክተሩ ደረቷ ላይ አንድ ዕቃ አስቀምጠው ፔስሜከሩን በኮምፒውተር ማንበብ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተስተካክሎ ይሄዳል። «እማማ፣ እስቲ ግራ እጅዎን ያንሱት» አሏት። እናታችን እኛን አየት አደረገችንና እጇን ለተክቢራ እንደምታነሳው አነሳች። ያ የተስተካከለ መስመር በአንዴ ተርመሰመሰ። የልቧ ምት ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ አለ። «ያ አላህ» ብላ ወደ ጎን ዘንበል ስትል ዶክተሩ ቶሎ እጇን ያዝ አድርገው አወረዱት። ለወራት ብቻዋን ስትቀምሰው የኖረችውን ነገር እኛ ያን ቀን በዓይናችን አየነው።

ሽቦው ውስጡ ተሰብሯል። በአንገት ሥር ባለው አጥንትና በመጀመሪያዋ የጎድን አጥንት መካከል የሚያልፍ ሽቦ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሊታሽ ይችላል፤ ዓመታት ሲያልፉ ይጎዳል። የተሰበሩት ጫፎች ሲነካኩ የውሸት ምልክት ይፈጠራል። መሣሪያው ያንን ምልክት «ልቡ ራሱ እየመታ ነው» ብሎ ይተረጉመውና ዝም ይላል። ዝም በሚልበት ሰዓት ነው ዓይኗ የሚጨልመው። ዶክተሩ አልተቆጡንም። ሽቦ መጎዳት ሲጀምር ብዙ ጊዜ በክትትል ምርመራ ላይ ቀድሞ እንደሚታወቅ ብቻ ነገሩን። እኛም አንገታችንን ደፋን።

መሣሪያውን ለጊዜው የውሸት ምልክቱን እንዳይሰማ አድርገው አስተካከሉትና ከከተማ እንዳትወጣ አዘዙ። አሮጌውን ሽቦ ጎትቶ ማውጣት ከባድ ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ሥጋ በቅሎበት ከደም ሥሩና ከልቡ ጋር ተጣብቋል። ስለዚህ የደም ሥሩ ክፍት ከሆነ አዲስ ሽቦ በጎኑ ይገባል፤ አሮጌው ጫፉ ተሸፍኖ እዚያው ይቀራል። መውጣቱ ግድ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ልዩ መሣሪያና ደረት ለመክፈት የተዘጋጀ የቀዶ ጥገና ቡድን ይጠይቃል።

እናታችን ይህን ስትሰማ «በቃ አገሬ መልሱኝ» አለች። «ሞቴ ከመጣ ደብረ ታቦር ይምጣ፤ ቀብሬም እዚያው ይሁን።» ለምነን አቃተን። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ወዳሉት ሸይኻችን ደወልን።

ሸይኻችን ብዙ አላወሩም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ግመሉ የጠየቃቸውን ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንዳዘዙት አስታወሷት። «እህቴ፣ ያንቺ ግመል ገመዷ ተበጥሷል፤ አስጠግኚው» አሏት። እሷም በልቧ የያዘችውን ሁሉ ጠየቀቻቸው። ማደንዘዣው እንደ ኸምር አይቆጠርም ወይ? ለሕክምና ሲያስፈልግ እንደሚፈቀድ ነገሯት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት ግራ እጇን ከትከሻ በላይ ማንሳት የለባትም፤ ሶላቷስ? በተክቢራ ጊዜ እጅ ማንሳት ሱና ስለሆነ ያለሱም ሶላቷ ሙሉ ነው። ቁስሉ እርጥበት እንዳይነካው ተብሏል፤ ዉዱኧስ? ደረት የዉዱእ አካል አይደለም።

ዶክተሩም አንድ የሚያስደስታት ነገር ነገሯት። እንደታሰበው ከሄደ የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው፤ እሷ አትተኛም። «እንግዲያው ምላሴ ዚክር ትላለች» አለችና ፊቷ ፈታ አለ።

እንቅልፍ ባጣንበት ሌሊት ያነበብነውንም አጫወትናት። በሰውነት ውስጥ ፔስሜከር የተቀበረለት የመጀመሪያው ሰው ስዊድናዊው አርነ ላርሾን ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ ጥቅምት 8 ቀን 1958፣ ዕድሜው 43 ነበር። ሚስቱ ሐኪሙን ኦኬ ሴኒንግንና ኢንጂነሩን ሩነ ኤልምክቪስትን እየወተወተች ነው ያሠራችለት። የመጀመሪያው መሣሪያ ለሰዓታት ብቻ ሠርቶ ተበላሸ። ሰውየው ግን ከ20 በላይ መሣሪያ እየተቀያየረለት፣ ሽቦውም ከአንዴ በላይ ተለውጦለት እስከ 2001 ኖረ፤ የሞተውም በ86 ዓመቱ በካንሰር ነው። እናታችን አዳምጣ ስትጨርስ «ሚስቱ ሰበቡን አጥብቃ ይዛለች በሉኛ» አለች።

ከዚያ ወሲያዋን አጻፈችን። ዕዳዋ አንድ ጣሳ ቅቤ ነው፤ ከክርስቲያን ጎረቤቷ ለዒድ የተበደረችው። «ክፈሉልኝ፣ አውፍ በይኝም በሉልኝ» አለች። ደውለን ስንነግራቸው ጎረቤታችን አለቀሱ። «አልቀበልም፤ ራሷ መጥታ ትክፈለኝ» አሉ። እናታችን ከመጣን ወዲህ ከልቧ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ማክሰኞ የሚሆነውን አላህ ያውቃል። ፈርተናል፤ አንዋሽም። የሚያቃጥለን ግን ሕመሟ አይደለም፤ እሱ ቀደር ነው። የሚያቃጥለን ሳንጠይቃት ያለፉት ዓመታት ናቸው። ሶላት ላይ አጠገቧ ቆመን ግራ እጇን አላየንም።

በየከተማው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ወላጆቻችሁ «ደህና ነኝ» ሲሏችሁ በዚያ አትለፉት። ፔስሜከር ያለው ሰው ካላችሁ የመሣሪያውን ካርድ የት እንዳስቀመጠ እወቁ፤ የክትትል ቀጠሮውንም እናንተ ያዙት። ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እናትን ሐኪም ቤት ማመላለስ ለወላጅ በጎ መዋል ነው። ዱዓውም ከዚያ ጋር ይሂድ።

ማክሰኞ ጠዋት እናታችንን በዱዓችሁ አስታውሷት። አላህ ለእሷም፣ በየቤቱ ላሉ ሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ያውርድ። አሚን።