የባልና የሚስት ደብተር

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ ብርዱ፥ የቋንቋው መለወጥና የዘመድ ናፍቆት እንደሚያስቸግሩት ሁሉም ይናገራል። ዳሩ ግን ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ሲከለከል የሚሰማውን ኀፍረት የሚናገር ጥቂት ነው። ይልቁንም ባሏን ተከትላ የሄደች ሚስት ይህን ለባሏ እንኳ አትገልጽለትም፤ እርሱም ዝምታዋን ደስታ ይመስለዋል። ከአገና ወደ አሜሪካ በሄደች በአንዲት ሴት ላይ የደረሰው ይህንኑ ያስረዳል።

አገና በጉራጌ አገር በእዣ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ ወንዶቹ ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲወጡ፥ ሴቶቹ በቤት ቀርተው እንሰቱን ይጠብቃሉ። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ከደረሰም በኋላ መፋቁ፥ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ቀብሮ ማብላላቱ፥ ቆጮውን፥ ቡላውንና ቃጫውን መለየቱ የሴት ድካም ነው። ደግሞም ሴቶቹ ቅቤ በተራ የሚዋጡበት ማኅበር አላቸው። ዛሬ ሁሉም ለአንዲቱ ያዋጣሉ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሁለተኛይቱ። ተራ የደረሳትም ቅቤውን ለመስቀል ታስቀምጠዋለች፤ ወይም ሸጣ የቤቷን ጉድለት ትሞላበታለች። ይህች ሴት ያደገችው በዚህ ሒሳብ ነበረ። እናቷ ፊደል ባትቈጥርም፥ ከማን ስንት ስፍር እንደ ተቀበለችና ለማን ስንት እንደ ቀረባት አትስትም ነበረ።

በ2015 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ከአሜሪካ የመጣ የአገሯ ልጅ ሽማግሌ ልኮ አጫት። በአሜሪካ ሕግ ለእንደዚህ ያለ ሰው ሁለት መንገድ አለው። በአገሩ አግብቶ ሚስቱን የሚጠራ ሰው ብዙ ጊዜ ይጠብቃል፤ እርሷ ግን የመኖሪያ ፈቃዷን ይዛ ስለምትገባ ወዲያው መሥራት ትችላለች። ዜግነት ያለው ሰው ደግሞ እጮኛውን ሊጠራ ይችላል፤ እርሷም በገባች በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። ከዚያ በኋላ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ትለምናለች፤ ፈቃዱም እስኪመጣ ደመወዝ ልትቀበል አይፈቀድላትም። እንግዲህ መጠበቁ በሁለቱም መንገድ አይቀርም፤ ልዩነቱ የሚጠበቀው በእናት ቤት ወይስ በባል ቤት ነው ማለት ነው። እነርሱ ሁለተኛውን መረጡ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ወደ አሌክሳንድሪያ ከተማ ገባች፤ በሚያዝያም ተጋቡ። ባሏ ቀን በመኪና ማቆሚያ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማታ ደግሞ መኪናውን ይዞ ሰው ያመላልሳል። ደግ ሰው ነበረ። ሰኞ ሰኞ ማለዳ 60 ዶላር በገበታው ላይ ትቶላት ይወጣ ነበረ። «ካነሰሽ ንገሪኝ» ይላት ነበር። እርሷ ግን በአገና ሳለች ለሳሙናና ለጨው የማንንም ፊት አይታ አታውቅምና፥ ቢያንሳትም አትነግረውም። ከዳቦ ግዥ የተረፈውን መልስ በጓዳ ባለ ሲኒ ውስጥ ትጥለው ጀመር። ይህንንም ስታደርግ ከገዛ ቤቷ የምትሰርቅ ይመስላት ነበረ።

ለእናቷ ለመስቀል 10,000 ብር እልካለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር። ክረምቱ እየቀረበ ሲሄድ አንዲት የአገር ሴት፥ «ማታ ማታ ምግብ ቤት የሚያጸዳ ሰው ይፈለጋል፤ ክፍያው በእጅ ነው፤ ወረቀት የሚጠይቅሽ የለም» አለቻት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ አሰበች። በአንድ ወገን የእናቷ ዓይን ይታያታል፤ በሌላው ወገን ሕጉን እያወቀች የፈረመችው ወረቀት አለ። ደግሞም ያለ ወረቀት የሚያሠራት ሰው ደመወዟን ቢያስቀርባት፥ ለመክሰስ እንደምትፈራ ታውቅ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት ባሏ ከሥራ ሲገባ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። እርሱም ተቈጥቶ፥ «ምን አጎደልሁብሽና ነው?» አላት።

«ገንዘብ አላጎደልህብኝም» አለችው፤ «በዚህ ቤት ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ግን አላውቅም። እንግዳም እንኳ ሁለት ቀን ሲሰነብት ጓዳውን ያያል።»

ባል ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ከሣጥኑ የወረቀት ክምር አውጥቶ በገበታው ላይ ዘረጋው። የቤት ኪራይ አለ፤ የመኪና ዕዳ አለ፤ ለአባቱና በቡታጅራ ለሚማረው ወንድሙ የሚልከው አለ። ለማመልከቻውና ለሠርጉ ያወጣው ገንዘብ በባንክ የብድር ካርድ ላይ ተከምሮ ወለድ ይወልዳል። ከአገር ልጆች ጋር የገባበትንም ዕቁብ ለእርሷ መምጫ ብሎ አስቀድሞ በልቶታል። ዕቁብ አስቀድሞ የበላ ሰው ሌሎቹ እስኪዳረሱ ድረስ መክፈል እንዳለበት የሚያስረዳት አላስፈለጋትም፤ የቅቤው ማኅበር ሥርዓት ይኸው ነውና። ያ ሰኞ ሰኞ የሚተወው 60 ዶላር ከትርፍ የመጣ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አየች። እርሷም ወደ ጓዳ ሄዳ ሲኒዋን አመጣችና በወረቀቶቹ አጠገብ ገለበጠችው። 11 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበረ። ሁለቱም አፈሩ፤ ቀጥሎም ሳቁ።

በማግሥቱ ደብተር ተገዛ። በመጀመሪያው መስመር 11 ዶላር ከ40 ሳንቲም ገቢ ሆኖ ተጻፈ። ወለዱ እጅግ የከበደው የካርዱ ዕዳ አስቀድሞ እንዲከፈል ተስማሙ። እርሱ ምሳ በውጭ መግዛቱን ተወ፤ እርሷ ትሰንቅለት ጀመር። የእርሷም ስም በባንኩ ሒሳብ ላይ ከስሙ ጋር ተጻፈ። ለየራሳቸው የሚሆን እኩል ጥቂት ገንዘብ ተወሰነ፤ ይህም የማይጠየቅና የማይመረመር ሆነ። ደብተሩን የመያዙ ሥራ የእርሷ ሆነ፤ ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ መንግሥት የለም።

በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ እያንዳንዳቸው ጥረው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው ይላል። ነገር ግን አንዱ ብቻ የሚያውቀው ገንዘብ በሕግ የጋራ ቢባልም በቤት ውስጥ የአንድ ሰው ነው። ዕዳውም እንዲሁ፤ አንዱ ብቻውን ሲሸከመው ይጎብጣል፤ ሌላይቱ ግን በደረቱ የተኮሳተረ መስሎ ይታያታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በመስቀል ጊዜ ከመቶ ብር አልፎ ነበረ። ለላኪው ቀለለ፤ በአገና ለሚሸምተው ግን ዋጋው ሁሉ ከፍ ብሎ ጠበቀው። ሴቲቱ ደብተሩን አይታ ለእናቷ ቴሌፎን ደወለች።

«እማ፥ 10,000 ብዬሽ ነበር፤ ዘንድሮ 5,000 ነው። ዕዳ አለብን፤ እኔም ገና ሥራ አልተፈቀደልኝም» አለቻት። ከዚያ ቀን በፊት «ደኅና ነን» ከማለት በቀር ለእናቷ አንዳች ነገር አውጥታ አታውቅም ነበር።

እናቲቱም ጥቂት ዝም ብላ፥ «ተራሽ ሲደርስ ታዋጫለሽ» አለቻት። «ይልቅስ ባልሽ እንቅልፍ ያገኛልን?»

የሥራ ፈቃዱ በኅዳር 2017 ዓ.ም. መጣ፤ በዳቦ ቤትም ተቀጠረች። የመጀመሪያ ደመወዟን ባመጣች ቀን ባሏ፥ «ይህስ ለአንቺ ይሁን» አላት። እርሷ ግን ከእርሱ ደመወዝ በታች በዚያው ገጽ ጻፈችው፤ የማይጠየቀውንም ድርሻዋን እንደ ቀድሞው ልክ ወሰደች። የካርዱ ዕዳ ገና አላለቀም ነበረ።

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌዎች ዘር ይቈጥራሉ፤ ጠባይ ይመረምራሉ፤ ጥሎሽ ይቈርጣሉ። ሙሽራው ምን ዕዳ እንዳለበት፥ ሙሽራይቱም በምትሄድበት አገር ስንት ወር እጇን አጣጥፋ እንደምትቀመጥ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ቢኖር፥ ሲኒዋን በጓዳ ትደብቅ የነበረችው ሴት ያን ሁሉ ወራት ባልደበቀች ነበር።